ሳይነገረን የታደሰ ውል ያስገድደናል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰላም ለሁላችሁም። ከዚራ አካባቢ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አለኝ። አምና የዕቃ ገቢና ወጪ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በዓመታዊ ክፍያ መጠቀም ጀምሬ ነበር። ዘንድሮ ዓመቱ ሲሞላ ማንም ሳያስታውቀኝ፣ ያውም ጭማሪ ተደርጎበት፣ ቀደም ሲል በሰጠሁት ፈቃድ መሠረት ክፍያው ከባንክ ሒሳቤ ተቆረጠ። ድርጅቱን ስጠይቅ፣ ውሉ በራሱ እንደሚታደስ በስድስተኛው ገጽ ግርጌ መጻፉን ጠቅሶ ዝም ማለቴን እንደ ስምምነት ቆጥሮታል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ (ሐረር)
በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1682 መነሻውን ግልጽ አድርጎታል፤ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። አንቀጽ 1684 ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ላላቸው ወገኖች ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ ውሉን ለመቀጠል ወይም ለመለወጥ የቀረበው ሐሳብ በልዩ ጽሑፍ እንዲደርስና በተገቢ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልተሰጠ እንደተቀበሉት እንደሚቆጠር እንዲገልጽ ያስገድዳል። ድርጅቱ «እድሳቱን መጀመሪያውኑ ፈርመውበታል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ጭማሪው ግን የውል ለውጥ ስለሆነ በእኔ እምነት የእርስዎ ጠንካራ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው በመሆኑ፣ ለሱቅ በተገዛ አገልግሎት ላይ ብዙም አይደገፉበት።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
እኔ የምሠራው ደንበኞች በየወሩ በሚከፍሉበት አገልግሎት ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ደንበኛ ውል የሚያበቃበት ቀን ሲስተሙ ላይ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ አስቀድሞ አጭር መልእክት መላክ ምንም አያስቸግርም። ብዙ ድርጅቶች የማያደርጉት፣ ማስታወሻው የረሳውን ደንበኛ ቀስቅሶ ያስወጣብናል ብለው ስለሚሰጉ ነው፤ ከሰው መርሳት የሚገኝ ገቢ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ማስታወቂያው የእድሳቱን ቀን፣ አዲሱን ዋጋና የመሰረዣውን መንገድ በአንድ ላይ መያዝ አለበት። እንደ ድሬ ባለ ከተማ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማልኛም ሊላክ ይገባል፤ ደንበኛው በማያነበው ቋንቋ የተላከ መልእክት እንዳልተላከ ነው።

መልስ (ድሬዳዋ፣ መጋላ)
እድሳቱ በራሱ መሆኑን ግን አትጥሉት። የመድኃኒት መደብራችን መዝገብ በሥራ ሰዓት ቢዘጋብን ደንበኛ ማስተናገድ አንችልም። እድሳቱ ይኑር፣ አስቀድሞ ይነገረን ነው የምለው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም የምቃወመው እድሳቱን ሳይሆን ሳይነገረኝ የተጨመረውን ዋጋ ነው። የባንክ ፈቃዱን ነገ አስቆማለሁ፤ ልዩነቱ እንዲመለስልኝም አንቀጽ 1684ን ጠቅሼ በደብዳቤ እጠይቃለሁ።

መልስ (ሐረር)
ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በእጅዎ በሚቀረው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉበት።