ቦንድ ድጋሚ ቢመጣ ትገዛላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከልጄ ጋር ቡና ላይ ተጨቃጭቀን አልተግባባንም፣ እናንተ ፍረዱን።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድቡ መሠረት ድንጋይ ሲጣል አስተማሪ ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ሰበሰቡንና የአንድ ወር ደመወዛችሁ በ12 ወር ተከፋፍሎ ለቦንድ፣ ያው በወለድ ለሚመለስልን ብድር፣ ይቆረጥ ወይ አሉን። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ስብሰባ መሀል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ጀግና አልነበረም። ግን ከልቤም ነበር። 1,700 ብር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ ኤርፖርት፣ ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ ኒውክሌር ሳይቀር እየተባለ ነው። እኔ ያልኩት ለምን ከውጭ እንበደራለን፣ እንደ ግድቡ ቦንድ ይሸጥና በራሳችን እንሥራው ነው። ልጄ ሳቀች። "አባዬ፣ ግድቡን እኮ በቦንድ አይደለም የሠራችሁት" ብላኝ ሲኒዋን አስቀምጣ ወጣች። ምን ማለቷ ነው? እናንተስ ቦንድ ቢመጣ ትገዛላችሁ? ካልገዛችሁ በምን ይሠራ?

የባንክ ቤት ልጅ፦

ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ልጅዎ ልክ ናት።

ሕዝቡ በቦንድና በስጦታ ያዋጣው ከግድቡ ወጪ ከአስር እጅ አንዱን አይሞላም። ሌላውን የሸፈነው መንግሥት ነው፣ ያውም በአብዛኛው ንግድ ባንክ ለመብራት ኃይል እያበደረ። ንግድ ባንክ ያለው ገንዘብ ደግሞ የማን ነው? የእርስዎ ቁጠባ፣ የእናቴ ቁጠባ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ቁጠባ።

እኔ ያኔ አንድ የግል ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ነበርኩ። በ2003 መመሪያ መጣ፤ የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ ይግዛ፣ ለአምስት ዓመት ይታሰርበት፣ ወለዱም መጀመሪያ 3 በመቶ። እኛ ለቆጣቢው ከ5 በመቶ ያላነሰ እየከፈልን ማለት ነው። በአምስት ገዝቶ በሦስት መሸጥ! ግዴታው እስከ ኅዳር 2012 ቆየ። ኪሳራውን ባንኮቹ የት ወሰዱት? ተበዳሪው ላይ ጫኑት፣ ነጋዴውም ዕቃው ላይ።

ዋናው ግን ይሄ ነው። በ2003 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ደብተርዎ ላይ 5 በመቶ እየተጻፈልዎ ዋጋ በ30 ሲጨምር ልዩነቱን ማን ወሰደው? ግድቡ፣ ባቡሩ፣ የስኳር ፋብሪካው። ደረሰኝ የሌለው ግብር በሉት። ቦንድ አልገዛሁም ብሎ የሚኮራውም ከፍሏል።

እዳውም አልጠፋም። የመንግሥት ድርጅቶች ለንግድ ባንክ ያልመለሱት ብድር ተቆልሎ ተቆልሎ፣ በ2017 መንግሥት ወደ 900 ቢሊዮን ብር በሚጠጋ ቦንድ እንዲተካው ፓርላማው አጸደቀ። ያ የሚከፈለው ከበጀት ነው፣ በጀቱ ከግብር ነው፣ ዞሮ ዞሮ እኛው ዘንድ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ገዝቼ ነበር፣ በ2004፣ እዚህ ሜሪላንድ። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ከውስጥ የሚጨበጭብ፣ ከውጭ የሚቃወም፣ ሁለቱም ዘመዶቼ ነበሩ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እንደ ፈረንጆቹ 2016 ላይ የአሜሪካ የቦንድና የአክሲዮን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቦንዱ ሳይመዘገብ ነው የተሸጠው አለና መብራት ኃይል ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተሰበሰበው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፣ ከ3,100 ከሚበልጥ ሰው። ጭቅጭቁን ተዉትና ቁጥሩን እዩት። በመላው አሜሪካ፣ በሦስት ዓመት፣ ያ ሁሉ የሽያጭ ዘመቻ ተደርጎ፣ 5.8 ሚሊዮን! ለግድቡ መጀመሪያ የተያዘው እኮ 80 ቢሊዮን ብር ነበር፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ዲያስፖራው ያዋጣል ብሎ ኤርፖርት የሚያቅድ ካለ ይተኛ።

እኔ ግን ዛሬም እገዛለሁ። ብቻ በየዓመቱ ኦዲተር ያየው ሒሳብ ይላክልኝ፣ ከበሮውን እተውላቸዋለሁ።

ከ8100 የተረፈ፦

ለግድቡ 8100 ላይ ኤ ብለን መልእክት ልከን፣ ዋንጫውን ተከትለን ጨፍረን የተረፈን ሳንቲም ካለ ኤርፖርቱ ይውሰደው። ቀልድ ነው ጋሼ።

ትራንዚተሩ፦

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትላላችሁ፣ በምን ይመለሳል የሚል ሰው ጠፋ።

የአዲስ አበባን የከተማ ባቡር ውሰዱ። 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ። መስከረም 2008 ሲጀምር ትኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር። እኔም ተሳፍሬበታለሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ገላግሎኛል፣ አልክድም። ግን በ2 ብር ትኬት የዶላር ብድር እንዴት ይከፈላል? የጅቡቲው ባቡርም ያው ነው፣ ብድሩ በ10 ዓመት አልሆን ሲል በ30 ዓመት እንዲሆን ለምነን ነው ያራዘምነው። ከዚያ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር ዛሬ ከ140 በላይ ሆነ። ተኝተህ ስትነሳ እዳህ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆኗል፣ አንተ አዲስ ሳንቲም ሳትበደር።

በ2007 በዩሮቦንድ፣ ማለትም በውጭ ገበያ በዶላር በተሸጠ ቦንድ፣ የተበደርነውን 1 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ አስታውሱ። ታኅሣሥ 2016 ላይ የወለዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳንከፍል ቀረን። ሚሊዮን ነው ያልኩት። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማየት ነው ብሏል፣ ይሁን።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ቀላል ናት፤ ዶላር የሚያመጣ ሥራ በዶላር ይበደር፣ ብር የሚያመጣ ሥራ በብር ይሠራ። ኤርፖርቱን የሚያሠራው አየር መንገዳችን ትኬት የሚሸጠው በዶላር ነው፣ የአፍሪካ ልማት ባንክም አበዳሪ እያሰባሰበለት ነው፣ ይበደር። ከጎዴው ማዳበሪያ ፋብሪካ 60 በመቶው የናይጄሪያዊው ባለሀብት የዳንጎቴ ድርሻ ነው፣ ከከሰረ አብሮን ይከስራል። ግድቡም ቢሆን ኬንያ ከ2015 ጀምሮ ከእኛ መብራት እየገዛች ነው። የገጠር መንገድና መስኖ ግን በውጭ ብድር ሲሠራ ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ደመወዝተኛዋ፦

ሁላችሁም ስለ ብድር። ግብርስ? ከሀገሪቱ ምርት 10 በመቶ እንኳ አይሰበሰብም፣ ያውም ሳይቀንስ ሳያመልጥ የሚከፍለው የእኔ ቢጤ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ለዓመታት 600 ብር ላይ ቆሞ ቆይቶ ሐምሌ 2017 ገና 2,000 ገባ። 2,000 ብር በአዲስ አበባ ምን እንደሚገዛ አልነግራችሁም።

ቦንድ ይሸጥ ለምትሉ፣ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን እዩት። 30 ቢሊዮን ብር ይሸጣል ተብሎ 3.2 ቢሊዮን ገደማ ተሸጠ። አትራፊ ድርጅት ነው፣ ስልኩ በሁላችንም ኪስ ነው፣ ግን ትንሹ ግዢ 9,900 ብር ነበር። ከየት አምጥቼ? ሕዝቡ አልጠላም፣ የለውም። እናም እባካችሁ "በፈቃደኝነት" የምትባለዋ ነገር ደመወዜ ላይ አትምጣብኝ። አንዴ ፈቅደሽ ነበር ተብዬ ነው ያወቅሁት።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ፣ የባንክ ቤት ልጅ። አባይ ላይ እኮ ግብፅ እያለች አበዳሪ ማግኘት ከባድ ነበር። ዓለም ባንክም ቢሆን እሷ ከተቃወመች በቀላሉ አይሰጥም። ታዲያ በቁጠባችን ባንሠራው በምን እንሠራው ነበር?

የባንክ ቤት ልጅ፦

እሱን እቀበላለሁ ጋሼ። ለግድቡ ሌላ መንገድ አልነበረም፣ ቢነግሩን ኖሮ አውቀን እንከፍል ነበር። ስኳሩስ? አስር ፋብሪካ ብለው ስንቱ አለቀ? ያም ከዚያው ኪስ ነው የወጣው።

ጡረተኛው መምህር፦

ስኳሩን አታንሳብኝ።

ማታ ወረቀት ይዤ አሰላሁ። 1,700 ብሬ ያኔ 100 ዶላር ነበር፣ ኩንታል ተኩል ጤፍ ይገዛ ነበር። እስከ ዛሬ አላወጣሁትም፣ ሰርተፍኬቱ ሳጥን ውስጥ ነው። በ6 በመቶ ወለድ ላይ ወለድ ባስብ 4,000 ብር ገደማ ቢሆን ነው። ልጄን ብነግራት ሂድና አውጣው፣ ለበዓል ዶሮ ይሆናል አለችኝ። እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር ያሰብኩት። መብቴ መቼም አልተቃጠለም አይደል?

የባንክ ቤት ልጅ፦

ሰርተፍኬቱንና መታወቂያዎን ይዘው ወደ ገዙበት ባንክ ጎራ ይበሉና ይጠይቋቸው። ከመስጠትዎ በፊት ግን ፎቶ ያንሱት፣ እሱን ይሰቅላሉ። ሽንኩርቱና ቅቤው ከኪስዎ ነው።