የድሮ ሴሊካ የዳሽቦርድ ሰዓት ሲሞቅ ይጠፋል፣ ጉድጓድ ሲመታ ይመለሳል

ባለ ሴሊካ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። የ1991 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለኝ፤ ያቺ የፊት መብራቷ ከኮፈኑ ላይ ብቅ የሚለው ስፖርት መኪና። ሞተሯ ደህና ነው፣ ቦዲዋም አልተነካካም። ያስቸገረኝ ዳሽቦርዱ መሃል ያለው አረንጓዴ ዲጂታል ሰዓት ነው። ጠዋት ሳስነሳት ይሠራል፤ ቃሊቲ ሳልደርስ ደብዘዝ ይልና ድርግም ይላል። ማታ ወደ ሰፈር ስመለስ ኮብልስቶኑ ላይ ስትንገጫገጭ ደግሞ በራሱ ይበራል። በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገውም ይመለሳል። አንዳንዴ ትክክለኛውን ሰዓት እንደያዘ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከ1:00 ይጀምራል።

አንድ ጋራዥ ወስጄያት ሳይከፍቱት "ተቃጥሏል፣ ሌላ ፈልግ" አሉኝ። ሶማሌ ተራ ዞሬ የሴሊካ ሰዓት አላገኘሁም። ሬዲዮውም የጣሪያ መብራቱም ይሠራሉ። መኪናዋ የአባቴ ስለነበረች ዕቃዋ ሁሉ ኦሪጅናል እንደሆነ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ቴስተር አለኝ፣ አጠቃቀሙንም እችላለሁ።

ናቲ

ውስጡ ያለችው ትንሿ አምፖል ተዳክማ ይሆናል። እሷን ቀይራት።

አሮጌ ኤሌትሪሻን፣ ሰበታ

ናቲ፣ የዚህ ዓይነቱ ሰዓት ቁጥሮቹን የሚያሳይ አምፖል የለውም። ቁጥሮቹ ራሳቸው ናቸው የሚያበሩት፤ አየር የወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ነው ያሉት። ያ ቱቦ ቢሞት ኖሮ ኳ ሲደረግ አይመለስም ነበር። ስለዚህ የሆነ ቦታ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ነገር አለ።

ልጄ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ ከሰዓቱ ውጭ ይሁን ውስጥ ለይ። ወደ ሰዓቱ አራት ሽቦ ይሄዳል። አንዱ ቁልፍ ቢጠፋም ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ ሰዓቱ ጊዜውን የሚይዘው በእሱ ነው። በብዙ ቶዮታ ላይ ከጣሪያ መብራቱ ጋር አንድ ፊውዝ ይጋራል፤ ያንተ የጣሪያ መብራት ስለሚሠራ ፊውዙ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ቁልፉን አንድ ደረጃ ስታዞር የሚመጣው ነው፤ ቁጥሮቹ የሚታዩት በእሱ ነው። ሦስተኛው የፓርኪንግ መብራት ሲበራ ብርሃኑን ዝቅ የሚያደርገው ነው። አራተኛው ማሳ ነው፤ ማለትም ወደ መኪናዋ ብረትና ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው።

ሁለተኛው ብቻ ቢቋረጥ ሰዓቱ ይጨልማል እንጂ ጊዜውን አይረሳም። የመጀመሪያው ከተቋረጠ ግን ከ1:00 ይጀምራል። ያንተ ሁለቱንም ስለሚያሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሁሉም የሚጋሩትን ማሳ ነው፣ ቀጥሎ የሰዓቱን ቦርድ።

ስትለካ ሶኬቱን አትንቀለው። ሰዓቱ ጨልሞ ሳለ ከሶኬቱ ጀርባ በኩል ለካ። ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ደግሞ የመኪናዋ ብረት ላይ ሳይሆን እዚያው ሶኬት ላይ ያለው የማሳ ሽቦ ላይ አድርገው። ብዙ ሰው ቦዲ ላይ አድርጎ "12 አለ" ይልና የተበላሸ ማሳ ያልፈዋል። ከዚያ ሞተሩን ስታስነሳ የባትሪውን ቮልት እይ። ደህና ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ወደ 10 ቮልት ቢወርድ ነው። ከዚያ በጣም ከወረደ ሰዓቱ ጤነኛ ሆኖም ጊዜውን ሊረሳ ይችላል።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ማንም ሽቦ ቆርጦ ከሬዲዮ መስመር እንዲቀጥልልህ አትፍቀድ። በዚያ ምክንያት ስንት መኪና ሲበላሽ አይቻለሁ።

ባለ ሴሊካ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ጨልሞ እያለ ለካሁት። ቁልፍ ጠፍቶ በሁልጊዜው ሽቦ ላይ 12.5፣ ቁልፉን ሳዞር በሁለተኛውም 12.4፤ ሁለቱም በሶኬቱ ማሳ ነው። ሳስነሳት ባትሪው ወደ 10.3 ይወርዳል፣ ሞተር ከተነሳ በኋላ 14.1 ነው። ቁጥሩ ግን እንደጨለመ ነው።

አሮጌ ኤሌትሪሻን፣ ሰበታ

እንግዲያው መኪናዋ ንጹሕ ናት። ሰዓቱን አውጣውና ለቦርድ ጠጋኝ ስጠው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሙያ አይደለም።

ሄለን፣ ለገጣፎ

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው የምጠግነው፤ የዚያን ዘመን የቶዮታ ሰዓትም ይመጣልኛል። ወንድሜ፣ ያንተ ምልክት በደንብ የታወቀ ነው፤ የተሰነጠቀ ሶልደር ነው፤ ማለትም ዕቃዎቹን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ቀልጦ የተበየደው ብረት።

ምክንያቱን ልንገርህ። ቦርዱ ላይ ከሌሎቹ ወፈር ያሉ ሬዚስተሮች አሉ። ሥራቸው ከመኪናው የሚመጣውን 12 ወይም 14 ቮልት ቀንሰው ለሰዓቱ ማቅረብ ነው፤ የተቀነሰው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ይግላሉ፣ ሲዘጋ ይበርዳሉ። ከ30 ዓመት በላይ እንዲህ ሲለጠጥና ሲኮማተር የኖረ ሶልደር ይደክማል። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ስትቆም ዳሽቦርዱ ራሱ ይግላል፣ የሰፈራችሁ ኮብልስቶን ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ስትመታው ይገጥማል።

አወጣጡ ላይ ተጠንቀቅ። ጠዋት በብርድ አትንካው፤ የድሮ ፕላስቲክ ሲበርድ ይሰበራል። ፀሐይ ትንሽ ታሙቀው። የካቻቪቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ቀስ ብለህ ከአንዱ ጎን ጀምር። መኪናዋ ኤርባግ ካላት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ።

ሽፋኑን ስትከፍት ቦርዱን ገልብጠህ የሶልደሩን ጎን እይ። ቡናማ የሆነ ቦታ ካለ ከጀርባው ያ የሚግለው ሬዚስተር ነው። የስልክህን ካሜራ አቅርበህ ስታይ የሬዚስተሩ እግር ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት ታገኛለህ። እግሩን በጣትህ ነካ ስታደርገው ከሶልደሩ ተለይቶ ሲነቃነቅ ይታያል። ያቺ ናት ጥፋቱ።

በላዩ ላይ አዲስ ሶልደር ብቻ አትደርብ፤ አሮጌው ቆሽሿል፣ ተመልሶ ይሰነጠቃል። አሮጌውን አቅልጠህ በሶልደር መምጠጫ አውጣ፣ እግሩን ጠርገው፣ ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባውን) ቀባ፣ ከዚያ 60/40 የሚለውን የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር ተጠቀም። ካውያው (ሶልደር ማቅለጫው) 350 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፤ አንድ እግር ላይ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አትቆይ፣ አለበለዚያ የመዳቡ መስመር ከቦርዱ ይላቀቃል። የሚግለውን ሬዚስተር ከቦርዱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገህ ብትመልሰው አየር ያገኛል። አንዱን እግር አንስተህ ኦሙንም (የመቋቋም መጠኑን) ለካው፤ ላዩ ላይ ያሉት የቀለም መስመሮች ከሚሉት በጣም ከራቀ በዚያው ኦም፣ በዋት ከእሱ በማያንስ ቀይረው።

እጅህ ከገባ አይቀር ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሩንም እይ። ጫፉ ካበጠ ወይም እግሩ ሥር ፈሳሽ ካለ ቀይረው። ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፣ ቮልቱ ከድሮው አይነስ፣ ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጋቲቭ ነው። የመስታወት ቱቦውን ግን አትጫነው። አየር ከገባበት አለቀ፣ የሚጠግነው የለም።

ሶማሌ ተራ ሰው

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? የኮሮላ ዲኤክስ ሰዓት ገዝቶ መግጠም አይቀልም?

ሄለን፣ ለገጣፎ

የዲኤክሱም ዕድሜው ያው ነው፣ ሶልደሩም ያው ነው። ቅርጹ የሴሊካ ዳሽቦርድ ላይ አይገጥምም፤ የሽቦው አደራደርም አንድ ነው ብሎ ሳይለኩ መሰካት ሰዓቱን ሊያቃጥል ይችላል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ በእጃችን ያሉትን ድሮ መኪኖች ዕቃ እየጠገንን ማቆየት አለብን። ጥቂት ሶልደር የሚያድነውን ዕቃ መጣል ያሳዝነኛል።

ባለ ሴሊካ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሄለን፣ እጅሽ ይባረክ! ቀለበቷ አለች፤ በትልቁ ሬዚስተር ሁለቱም እግሮች ላይ። ኦሙ ደህና ነበር፣ ካፓሲተሩም አላበጠም። ካውያ ስለሌለኝ ሰፈር ያለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ወስጄ አንቺ ያልሽውን አነበብኩለት፣ እሱም እንዳልሽው ሠራው። መኪናዋ ላይ ሳንሰካው በ12 ቮልት ባትሪ አብርተን ትተነው ነበር፤ ሲግል አልጠፋም። ከዚያ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ደርሼ ተመለስኩ። በዚያ ሙቀትም ሆነ ሰፈር ኮብልስቶኑ ላይ አልጠፋም።

አንድ ጥያቄ ብቻ። በእኛ አቆጣጠር ሞልቼዋለሁ። ይሄ :00 የሚለው ቁልፍ ሥራው ምንድን ነው?

አሮጌ ኤሌትሪሻን፣ ሰበታ

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ባለ 12 ሰዓት ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ብትሞላው ምንም አይለውም። :00 ወደ ድፍን ሰዓት ማስተካከያ ነው። ደቂቃው ከ30 በታች ከሆነ ወደኋላ ይመልሰዋል፣ 30 ከሞላ ወደሚቀጥለው ሰዓት ይወስደዋል። ስለዚህ 3:58 እያለ ሬዲዮ አራት ሰዓት ሲል ብትጫነው 4:00 ይሆናል።

ካሪና ሁለት፣ ገላን

ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ካሪና ሰዓት ቀን ቀን አይታይም፣ ማታ ግን ደህና ነው። ይሄም ሶልደር ነው?

ሄለን፣ ለገጣፎ

ከመክፈትህ በፊት ቀን ላይ መብራት አብርተህ እየነዳህ እንደሆነ እይ። ፓርኪንግ ሲበራ ሰዓቱ ሆን ብሎ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ላይ ያንን ብርሃን አታየውም። መብራቱን አጥፍተህም ከደበዘዘ ሦስተኛው ሽቦ ላይ ቮልት መኖሩን ለካ። መብራት ጠፍቶ እዚያ 12 ካገኘህ ችግሩ የመብራት ማብሪያው ወይም የሆነ ሰው የቀጠለው ሽቦ ነው፤ ሰዓቱን አትንካው።