በራሴ ርዕስ የክረምት ፕሮጀክት ልሠራ ነው፤ አማካሪዬን ምን ልጠይቀው?

ጥያቄ፦ ቡሃቃ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል እገባለሁ። የሳይንስ ክበብ መምህራችን በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንድናጠና ነግሮናል። ርዕሱን የምንመርጠው እኛ ነን። አሠራሩንም የምናወጣው እኛ ነን። አንድ አዋቂ በአማካሪነት ይይዘናል። ጥቅምት ላይ በተማሪው ፊት እናቀርባለን።

እኔ የመረጥኩት ሊጥ ነው። እናቴ ሁልጊዜ "ክረምት ሲገባ ሊጡ ይሰንፋል" ትላለች። በበጋ በሁለት፣ በሦስት ቀን የሚደርሰው አሁን ይዘገያል። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ግን እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ለምን? ይህን ማወቅ በጣም እፈልጋለሁ። ርዕሴን "የጤፍ ሊጥ አቦካክ በኢትዮጵያ" ብዬዋለሁ።

አማካሪዬ የታላቅ እህቴ ባል ነው። የጤና ላብራቶሪ ባለሙያ ነው። እሺ ብሎኛል፤ ግን ሥራ ይበዛበታል። ምን ያህል ላስቸግረው? እሱ ምን ይሥራ፣ እኔ ምን ልሥራ? ደግሞ ላብራቶሪ የለንም። እናቴም "ዱቄቴን እንዳትጨርሺብኝ" ብላለች።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ከእናትሽ አፍ የሰማሽውን ለጥናት መያዝሽ ደስ ብሎኛል። ርዕስሽ ግን ሰፍቷል። "በኢትዮጵያ" ካልሽ የሐረርንም የጋምቤላንም ሊጥ ልታዪ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ፣ ቤት ባለ ዕቃ የሚለካ ጥያቄ ይሁን። ለምሳሌ፦ "አንድ ዓይነት ሊጥ ሞቃት ቦታና ብርዳማ ቦታ ቢቀመጥ ውኃ እስኪያቀር ስንት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?"

ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ትሞቃለች። ማወዳደሩ ያጓጓል። ነገር ግን የአክስትሽ ዱቄት ሌላ ነው፤ ውኃዋም፣ እርሾዋም ሌላ ነው። ልዩነት ብታገኚ ከየትኛው እንደመጣ በምን ታውቂያለሽ? መጀመሪያ እዚያው ቤታችሁ ሞክሪው። ዱቄቱ አንድ፣ እርሾው አንድ፣ ውኃው አንድ ይሁን። የሚለያየው ቦታው ብቻ ይሁን።

ዱቄቱም አይባክንም። ስድስት ባዶ የማር ጠርሙስ ፈልጊ። በእያንዳንዱ 100 ግራም ዱቄት ይበቃል። ሦስቱን ምድጃው ካለበት ክፍል፣ ሦስቱን ጓዳ አስቀምጪ። ሦስት ሦስት ያልኩሽ አንዱ በሆነ አጋጣሚ ቢበላሽ ሌሎቹ እንዲመሰክሩ ነው። ጠርሙሱን ከግማሽ በላይ አትሙዪው። ክዳኑንም አታጥብቂው። ሊጥ ሲቦካ ጋዝ ያወጣል፤ የታፈነ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል።

የሙቀቱን ነገር ደግሞ በመዳፍ አትገምቺ። ሰውነት የሚለካበት የሜርኩሪ ቴርሞሜትር አይሆንሽም። እሱ ከ35 ዲግሪ ነው የሚጀምረው። የክፍል ቴርሞሜትር ተዋሺ።

አማካሪሽን "ምን ልሥራ?" ብለሽ አትጠይቂው። "እንዲህ ላደርግ አስቤያለሁ፣ የቱ ጋ እሳሳታለሁ?" በይው።

መልስ፦ ጋጋሪዋ (ኮምቦልቻ)

እኔ ሳይንሱን አልተማርኩም። እንጀራ ስጋግር ግን 20 ዓመቴ ነው። የኔ እናት፣ ሊጡን በየጠርሙሱ ለየብቻ እንዳታቦኪ። እርሾ ከላይ ይቀጥናል፣ ከታች ይወፍራል። አንዱ ጠርሙስ ወፍራሙን ካገኘ ቶሎ ይነሣል፤ አንቺ ግን ቦታው ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሁሉንም በአንድ ዕቃ አቡኪና ወዲያው አከፋፍዪው።

ሌላው፣ የእንጀራውን ዓይን ብቻ አይተሽ "ይኼ ቦክቷል፣ ያኛው አልቦካም" አትበይ። ዓይን በምጣዱ ሙቀት ይጠፋል። አብሲቱ ሲያንስም ሲበዛም ይበላሻል። ጋግረሽ ልታሳዪ ከሆነ የምትጥዪውን አብሲት በኩባያ ለኪው፤ ለሁሉም እኩል ይሁን።

እኛ ብርድ ሲሆን ቡሃቃውን ብርድ ልብስ እናለብሰዋለን። እሱም ይሠራ እንደሆነ ብትሞክሪው እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። 12ኛ ክፍል ሳለሁ የውኃ ማጣሪያ ሠርቼ ነበር። ሠርቼ ስል ግን አብዛኛውን የሠራው አማካሪዬ ነው። ጎበዝ ሰው ነበር፤ ሊረዳኝም ከልቡ ይፈልግ ነበር። እኔ ስዘገይ እሱ ይጨርሰዋል። የማቅረቢያው ቀን አንዲት መምህርት "አሸዋውን ለምን ከጠጠሩ በላይ አደረግኸው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ቆምኩ። እስከ ዛሬ ያቺ ቅጽበት ትዝ ትለኛለች።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። እሱ ይጠይቃል፣ ያርማል፣ አደጋ ካለ ያስቆማል። የሚለካው፣ የሚጽፈው፣ የሚያቀርበው የአንቺ እጅና አፍ ነው። የምትገናኙበት ቀንና ሰዓት ከሌለ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይረሳል። በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃሻል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት (ለንደን)

የባሕር ዳሩ ወንድማችን ያለው እውነት ነው። የኔ ልጅ እዚህ ኢፒኪው የሚሉትን ሠርቷል። ተማሪው ራሱ በመረጠው ርዕስ የሚሠራው ፕሮጀክት ነው። በጽሑፍ ከሆነ 5,000 ቃል ገደማ ነው። መጨረሻ ላይ ለሰው ያቀርባል፤ ይጠየቃል።

እኔን የገረመኝ ማርክ አሰጣጡ ነው። የሚታየው የመጨረሻው ውጤት ብቻ አይደለም። ሥራውን እንዴት አቀደ? ምንጩን እንዴት መረጠ? የቱ ጋ ሐሳቡን ቀየረ? ሁሉንም በየጊዜው በመዝገብ ይጽፋል። ልጄ ግማሽ ላይ ርዕሱን ሲያጠብ "አለቀልኝ" ብሎ ነበር። ለምን እንዳጠበበው በደንብ ስለጻፈ ግን እሱም ተቆጠረለት። አይቢ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ባለ 4,000 ቃል ጽሑፍ አለ፤ አማካሪው ለአንድ ተማሪ እንዲሰጥ የሚመከረው ጊዜ በጠቅላላው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው። አየሽ፣ አማካሪሽ ሥራ ቢበዛበትም ችግር የለውም።

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ያዢ። በየገጹ ቀንና ሰዓት ጻፊ። የተሳሳትሽውን አትቅደጂ፤ በአንድ መስመር ሰርዘሽ እዚያው ተዪው።

ቡሃቃ (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ርዕሴን እርስዎ እንዳሉኝ አጥብቤዋለሁ። ከአማካሪዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለመገናኘት ተስማምተናል። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ቦካ የምትዪው ምን ስታዪ ነው?" ብሎ ነው። ግማሽ ቀን አሰብኩበት። አሁን ሁለት ነገር እለካለሁ፦ ሊጡ ስንት ሴንቲ ሜትር ኩፍ እንዳለና ውኃ ያቀረረበትን ሰዓት።

የመጀመሪያውን ሙከራ ጀምሬያለሁ። ግን ማታ እሳቱ ይጠፋል። ምድጃው ጋ ቀን 24 ዲግሪ የነበረው ጠዋት 17 ሆኖ አገኘሁት። ተበላሸብኝ ማለት ነው? ደግሞ እትዬ ጋጋሪዋ ስለ ዓይን ካሉት በኋላ መኮምጠጡንም መለካት አማረኝ። መለኪያ የለኝም።

መልስ፦ የምግብ ሳይንስ መምህርት (አዲስ አበባ)

ለመኮምጠጡ ቀይ ጥቅል ጎመን ይበቃሻል። ከትፈሽ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፊው፤ ሐምራዊ ውኃ ይሰጥሻል። በእርሾው ውስጥ ካሉት ተሕዋስያን አንዳንዶቹ አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ ሲበዛ የጎመኑ ውኃ ወደ ሮዝ ይሄዳል። መጀመሪያ በሎሚ ጭማቂ፣ በንጹሕ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ሞክረሽ የቀለሞቹን ፎቶ አንሺ። ሊጡን ራሱን አትጨምሪበት፤ ቀለሙ ይሸፍንብሻል። ከላይ ካቀረረው ውኃ ጥቂት ጠብታ ውሰጂ። በቀይ ሥር እንዳትተኪው፤ በዚህ መጠን አሲድ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። የነካሽውን ሊጥ ወደ ቡሃቃው አትመልሺ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

አልተበላሸም፣ ልጄ። ሙቀቱን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ መዝግቢ፤ የጓዳውንም አብረሽ። ይህኛው ሙከራ "ሌሊት የሚበርድ ምድጃ" ተብሎ ይጻፍ። ለሁለተኛው ሙከራ ጠርሙሶቹን ካርቶን ውስጥ አድርጊና የፈላ ውኃ የሞላ ጀሪካን አጠገባቸው አኑሪ። በላዩ የጋጋሪዋን ብርድ ልብስ ደርቢበት። ስንት ሰዓት ሙቀት እንደሚይዝ ግን ሊጡን ከማስገባትሽ በፊት በአንድ ሌሊት ፈትሺው። ቅዳሜ አማካሪሽ ጋ ይዘሽ የምትሄጂው ያንን ቁጥር ነው።