ላይሰንሱ ኢንአክቲቭ የሆነ የቤት ኤጀንት፤ ውል ፈርመናል፣ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልን ውድ የማኅበራችን አባላት። እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያ ቤታችንን ለመግዛት በማኅበረሰባችን ዘንድ ከሚታወቅ አንድ ወገናችን ጋር መሥራት ከጀመርን ሰንብተናል። ባለፈው ሳምንት ስሙን ቨርጂኒያ የሙያ ፈቃዶችን በምታሳይበት የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስፈልግ፣ ላይሰንሱ (የሙያ ፈቃዱ) «ኢንአክቲቭ»፣ ማለትም ሥራ ላይ የማይውል ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። ስጠይቀው «የወረቀት ጉዳይ ነው እንጂ ላይሰንሴን ማንም አልነጠቀኝም» ብሎ መለሰልኝ። ከእርሱ ጋር የገዢ ውል ፈርመናል፤ «ለፋይል መክፈቻ» በሚል 500 ዶላርም በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) በግል ስልክ ቁጥሩ ልከንለታል። ቤቶችን ያሳየን በአሌክሳንድሪያ ብቻ ሳይሆን በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጭምር ነው። ልናስቀይመው አንፈልግም፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ቤት ኦፈር (የግዢ ዋጋ ጥያቄ) ከማስገባታችን በፊት የት እንደቆምን ማወቅ ይገባናል። የምታውቁ ብትመክሩን በጣም እናመሰግናለን።

መልስ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ፈቃድ ካለው ብሮከር

እህቴ፣ ጥያቄውን ከኦፈሩ በፊት ማንሳትዎ መልካም ነው። ሰውየው «አልተነጠቅሁም» ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለእናንተ ጉዳይ የሚጠቅም መልስ አይደለም።

በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ፈቃድ የሚሰጠው በፌዴራል መንግሥት ሳይሆን በየግዛቱ ነው። በቨርጂኒያ አንድ ሰው የሽያጭ ፈቃድ አግኝቶ መሥራት የሚችለው በአንድ ብሮከር፣ ማለትም ኤጀንቶችን በሥሩ በሚያሠራ ባለ ከፍተኛ ፈቃድ ሥር ሲመዘገብ ብቻ ነው፤ ኮሚሽኑም የሚከፈለው በዚያው ብሮከር በኩል ነው። ከብሮከሩ ከለቀቀና ሌላ ካልያዘ ፈቃዱ ኢንአክቲቭ ይሆናል። አዲስ ኤጀንቶች ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 30 ሰዓት ትምህርት መጨረስ ስላለባቸው፣ ያንን ያላጠናቀቁት ፈቃዳቸው በዚሁ ምክንያት ሥራ ላይ እንዳይውል ይደረጋል። ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ለኤጀንት 16፣ ለብሮከር 24 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል። ኢንአክቲቭ የሆነ ሰው ግን ትምህርቱን ሳይወስድ የእድሳት ክፍያውን ብቻ እየከፈለ ፈቃዱን ለዓመታት ማቆየት ይችላል። ስለዚህ «ላይሰንስ አለኝ» የሚለው ሰው ሐሰት ሳይናገር፣ ቤት ለማሳየት፣ ስለ ዋጋ ለመደራደርም ሆነ ኮሚሽን ለመቀበል ምንም መብት የሌለው ሊሆን ይችላል። ለሥራው ጉዳይ ሲባል ኢንአክቲቭ ፈቃድ ያለው ሰውና ጭራሹኑ ፈቃድ ያላወጣ ሰው የሚቆሙት በአንድ መስመር ላይ ነው።

በጥያቄዎ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ቨርጂኒያን ከሜሪላንድ የሚለየውን የፖቶማክ ወንዝ አይሻገርም። በሜሪላንድ ቤት ለማሳየት የሜሪላንድ ሪል እስቴት ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዋሽንግተን ዲሲም የራሷ ኮሚሽን አላት። በአካባቢያችን ከቤት እስከ ሥራ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ግዛት መርገጥ የተለመደ በመሆኑ፣ በአንዱ ግዛት ብቻ ፈቃድ ያለው ኤጀንት ደንበኛውን ተከትሎ ወደ ሌላው ሲሻገር ስሕተት የሠራ አይመስለውም። ሕጉ ግን የሚያየው ቤቱ የት እንዳለ ነው። በእኔ ግምት በወገኖቻችን መካከል ከሚታየው ያለ ፈቃድ መሥራት ብዙው የሚመጣው ጨርሶ ካልተማሩ ሰዎች ሳይሆን ከዚህ ነው።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ በቨርጂኒያ ፈቃድ በሚጠይቅ ሙያ ያለ ፈቃድ መሥራት አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር (ከከባድ ወንጀል በታች ያለ ጥፋት) ሲሆን፣ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። በሌሎች ግዛቶች ከዚህም የከበደ አለ፤ በፍሎሪዳ ለምሳሌ ጉዳዩ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። በአጠቃላይ ሲታይ፣ በገዢና በሻጭ መካከል የተፈረመ የሽያጭ ውል መካከል ላይ የቆመው ሰው ፈቃድ ስላልነበረው ብቻ አይፈርስም። የሚፈርሰው የእርሱ የኮሚሽን ጥያቄ ነው። በካሊፎርኒያ ሕጉ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፤ ክፍያ ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ሥራውን በሠራበት ጊዜ ፈቃድ እንደነበረው አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ይህ ማለት ግን ገዢው ከጉዳት ተርፏል ማለት አይደለም። ኤጀንቶች ለሙያ ስሕተት የሚገቡት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፈቃድ የተሠራን ሥራ አይሸፍንም። ግዛቶች በኤጀንት ማጭበርበር ለተጎዱ ሰዎች ያቋቋሙት የካሣ ፈንድም ቢሆን ለፈቃድ ባለቤቶች ጥፋት የታሰበ ነው። የሜሪላንድ ፈንድ እስከ 50,000 ዶላር ይከፍላል፤ ሆኖም በማንኛውም ብሮከር ሥር ያልተመዘገበ ሰው ገንዘባችሁን ይዞ ቢጠፋ ወደዚያ ፈንድ የምትሄዱበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ለቤቱ የምታስይዙት ቅድሚያ ገንዘብ በአሥር ሺዎች ሊቆጠር እንደሚችል ስታስቡ፣ ፈቃድ የማጣራቱ ነገር ከወረቀት በላይ እንደሆነ ይታያችኋል።

እንግዲህ በፈረማችሁት ውል ላይ የብሮከሬጁን፣ ማለትም የድርጅቱን ስም ፈልጉ። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ በብሔራዊው የሪልተሮች ማኅበር ስምምነት መሠረት፣ በኤም ኤል ኤስ (ኤጀንቶች ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶችን በሚጋሩበት መዝገብ) የሚሠራ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ከገዢው ጋር የጽሑፍ ውል መፈራረም አለበት፤ ያ ውል ደግሞ ከግለሰቡ ጋር ሳይሆን ከብሮከሬጁ ጋር የሚደረግ ነው። የድርጅት ስም ከሌለበት ወረቀቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ስም ካለበት ደግሞ እርሱ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ቁጥር ደውሉና ዋናውን ብሮከር አነጋግሩ፤ ይህ ሰው ዛሬ በእናንተ ሥር ነውን ብላችሁ በኢሜይል መልስ ጠይቁ። ከአንድ ብሮከር ወደ ሌላ የሚዛወር ኤጀንት ለጥቂት ቀናት ኢንአክቲቭ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ይህን ዕድል ስጡት። እስከዚያው ኦፈር አታስገቡ፤ የፍለጋ ገጹንም ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት።

ስለ ማስቀየም ያነሱትን እረዳለሁ። ይሁንና ሥራው ቀና የሆነ ኤጀንት በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ የፈቃድ ቁጥሩን ሳይጠየቅ የሚሰጥ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ወንድማችን የሰጡት ማብራሪያ ለእኔም ጠቅሞኛል። እኔ የቴክሳስ ፈቃድ አለኝ፤ የሙሉ ጊዜ ሥራ ስለያዝሁ ከብሮከሬ ተሰናብቼ ፈቃዴን በፈቃደኝነት ኢንአክቲቭ አድርጌዋለሁ። ጓደኞቼ ግን ቤት ሲፈልጉ እኔን ይጠይቃሉ። ቤት ሳላሳይ፣ ወደ ሌላ ኤጀንት ብቻ ልኬ የሪፈራል ክፍያ ብቀበል ይፈቀዳልን? ከዚህ በፊት አክቲቭ ሆኜ ከሠራሁት ሽያጭ ገና ያልተከፈለኝ ኮሚሽንም አለ። በዚህ ዓመት ለዜግነት ለማመልከት ስለማስብ ምንም ዓይነት ጣጣ ውስጥ መግባት አልፈልግም።

መልስ፣ ከብሮከሩ

ወንድሜ፣ የቀደመው ኮሚሽንዎ ብዙ አያሳስብዎ፤ ወሳኙ ሥራው በተሠራበት ጊዜ ፈቃድዎ አክቲቭ መሆኑ ነው፤ የሚከፍልዎም ያኔ የነበሩበት ብሮከር ነው። ክፍያውን ከሻጩ ወይም ከገዢው በቀጥታ አይቀበሉ።

ሪፈራሉ ግን ሌላ ነው። በቴክሳስ ክፍያ እየጠበቁ ሰውን ወደ ኤጀንት መላክ ራሱ የፈቃድ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። የግዛቱ ሪል እስቴት ኮሚሽን ደንብ ያለ ፈቃድ የሚፈቅደው፣ ክፍያ ሳይጠበቅ የተደረገን ጥቆማ፣ ቢበዛም ዋጋው ከ50 ዶላር ያልበለጠ የዕቃ ስጦታን ነው፤ ጥሬ ገንዘብ በዚህ ውስጥ አይገባም። ጓደኞችዎን በነጻ ቢጠቁሙ ማንም አይከለክልዎትም። ክፍያ ከፈለጉ ለሪፈራል ብቻ ተብለው በተቋቋሙ ብሮከሮች ሥር ፈቃድዎን አክቲቭ አድርገው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ወጪው አነስተኛ ሲሆን ብዙ ጊዜያቸው የተጣበበ ኤጀንቶች የሚመርጡት ይህንን ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለማሳወቅ ያህል፣ በቴክሳስ ያለ ፈቃድ መሥራት «ክላስ ኤ» ሚስዲሚነር ሲሆን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር መቀጮ አለው። ከዚህ ሌላ ተጎጂው ወገን፣ ሰውየው ከተቀበለው ኮሚሽን ጀምሮ እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ማስከፈል ይችላል።

ዜግነትን በተመለከተ፣ የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ (ኤን 400) ታስረው ወይም ተከሰው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሳይያዙ የፈጸሙት ወንጀል ካለም ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የሪል እስቴት ብሮከር ምክር አይበቃም፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። ደግሞም የብድር ወይም የታይትል (የቤት ባለቤትነት ሰነድ የሚያጣራ) ድርጅት «ደንበኛ ላክልንና እንከፍልሃለን» ካለዎ እሺ አይበሉ። በ1974 የወጣው ሬስፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ ይህን ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ነው። በዚህ በኩል ፈቃድ መኖሩም አያድንም።

አስተያየት፣ ከሎስ አንጀለስ

ሁለት ነገር ልጨምር። ለወላጆቻችንና ለአዲስ መጪዎች ቤት ሲገዛ አስተርጓሚ ሆነን የምንገባ ብዙዎች ነን። የተባለውን እንዳለ መተርጎም ፈቃድ አይጠይቅም። «በዚህ ዋጋ ግቡ፣ ያኛውን ተዉት» ማለት ስንጀምርና ሽያጩ ሲያልቅ ከኮሚሽኑ ድርሻ ስንቀበል ግን ከአስተርጓሚነት ወጥተናል። የሚከፈለን ካለ ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም የማይለወጥ የሰዓት ክፍያ ቢሆን ይሻላል። በካሊፎርኒያ ፈቃድ የሌለው ሰው እስከ 20,000 ዶላር ሊቀጣና እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል፤ ኮሚሽኑን ያካፈለው ብሮከርም ይጠየቃል።

ሁለተኛው የኪራይ ጉዳይ ነው። ወደ አገር ቤት የተመለሱ ወዳጆቻችንን ቤት ተከራይ አፈላልገን፣ ኪራይ ሰብስበን፣ በየወሩ ድርሻ የምንቀበል አለን። የራስን ቤት ማከራየት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የሌላን ሰው ቤት በክፍያ ማስተዳደር ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ያስፈልገዋል።

ምላሽ፣ ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። በውሉ ላይ የተጻፈውን ድርጅት ቁጥር ራሴ ፈልጌ ደወልሁ። ብሮከሯ ሰውየው ከእነርሱ ጋር መሥራት ካቆመ መቆየቱን፣ የእኛንም ውል እንደማያውቁት በኢሜይል አረጋግጣልናለች። ከሌላ ኤጀንት ጋር ልንቀጥል ወስነናል። የቀረን 500 ዶላሩ ነው፤ «ይመለሳል» ይላል፣ አልመለሰም።

መልስ፣ ከብሮከሩ

እህቴ፣ ገንዘቡን የምትጠይቁበትን ቀን ወስናችሁ በጽሑፍ ላኩለት፤ የዜሉን ደረሰኝ፣ የውሉን ቅጂና የብሮከሯን ኢሜይል አንድ ላይ አስቀምጡ። ካልመለሰ የሙያ ፈቃዶችን ለሚቆጣጠረው የቨርጂኒያ መሥሪያ ቤት በነጻ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ በሦስት ዓመት ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። መሥሪያ ቤቱ የሚመለከተው ፈቃዱንና ጥፋቱን ስለሆነ ገንዘቡን ያስመልሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለዚያ መንገዱ የአነስተኛ ገንዘብ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉን ደግሞ ለብቻው ለሜሪላንድ ኮሚሽን አስታውቁ፤ ቨርጂኒያ በዚያ ላይ ሥልጣን የላትም። አዲሱ ኤጀንታችሁም በሁለቱም ግዛት ፈቃድ እንዳለው ኦፈር ከመፈረማችሁ በፊት ተመልከቱ።