ስለ «ሮሚዮና ጁልየት» ገጸ ባሕርያት እርዱኝ፤ ፈተናው ሰኞ ነው

ጥያቄ (ተማሪ፣ አዘዞ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አዘዞ የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰኞ በሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» ላይ ፈተና አለብን። ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ በቬሮና ከተማ የሞንታግና የካፑሌት ቤተሰቦች ደመኞች ናቸው፤ ልጆቻቸው ተዋደው በስውር ይጋባሉ፣ በመጨረሻም ይሞታሉ። የሚያምታቱኝ መርኩሽዮ፣ ቤንቮሊዮና ቲባልት ናቸው። ድራማዊ ምጸት፣ ንግር (የኋላውን አስቀድሞ መጠቆም) እና ሶሊሎኪ (ገጸ ባሕርይ ብቻውን ሆኖ ሐሳቡን የሚናገርበት) የሚባሉትንም ትርጉማቸውን በቃሌ ይዣለሁ፤ ከተውኔቱ ምሳሌ አምጪ ስባል ግን ጠፍቶኝ እቀራለሁ።

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ማራኪ)፦ ልጄ፣ የሦስተኛውን ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት ደግመሽ አንብቢ፤ ሦስቱም እዚያ ይገኛሉ። «ሙቀቱ ደም ያፈላል፣ ወደ ቤት እንግባ» እያለ የሚለምነው ቤንቮሊዮ ነው፤ የሮሚዮ የአጎት ልጅ፣ ገላጋይ ሰው። ጠብ ፈልጎ የሚመጣው ቲባልት የጁልየት የአጎት ልጅ ነው። መርኩሽዮ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ የገዢው የልዑል ኤስካለስ ዘመድና የሮሚዮ ጓደኛ ነው። ይህን አጥብቀሽ ያዢ፤ በሰው ደም የገባ ሰው ነውና። ሮሚዮ ሊገላግል መሃል ሲገባ ቲባልት በክንዱ ሥር አሾልኮ መርኩሽዮን ወጋው። ሮሚዮም ቲባልትን ገደለና ከከተማ ተባረረ። እስከዚያ ድረስ ጭፈራና ቀልድ የሞላበት ተውኔት ከዚህ በኋላ ወደ መቃብር ይወርዳል።

መልስ (የቴአትር ክበብ አባል)፦ እህቴ፣ ድራማዊ ምጸት ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩ ሳያውቀው ሲቀር ነው። ጁልየት የጠጣችው መድኃኒት ለ42 ሰዓት እንደ ሬሳ የሚያስተኛ ነው፤ እኛ እናውቃለን፣ ሮሚዮ አያውቅም። መቃብሩ ውስጥ ከንፈሯና ጉንጯ እንደቀላ ያያል፤ ሞት ገና ውበቷን እንዳልነካው በአንደበቱ ይናገራል፤ ከዚያ መርዙን ይጠጣል። ይህን ትዕይንት ስናሳይ እኔ ጁልየት ሆኜ ዐይኔን ጨፍኜ ተኝቼ ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል አንዲት እናት «ኧረ በሕይወት አለች!» ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። የምጸት ትርጉም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለሶሊሎኪ ጁልየት መድኃኒቱን ከመጠጣቷ በፊት ብቻዋን የምትናገረውን ጥቀሺ፤ ገቢር 4፣ ትዕይንት 3። ስለ ሰገነቱ ትዕይንት ግን ተጠንቀቂ፤ እዚያ ሮሚዮን ስትጠራ የምትለው «ዌርፎር» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ለምን» ማለት ነው። ሮሚዮ የት እንዳለ እየጠየቀች አይደለም፤ ስለ ምን የጠላታችን ልጅ ሆንህ እያለች ነው።

መልስ (የቅኔ ተማሪ)፦ ስለ ንግር እኔ ልጨምር። መርኩሽዮ ሊሞት ሲል «መቅሰፍት በሁለቱም ቤታችሁ ይውረድ» ብሎ ይረግማል። የጁልየትን ምስጢር የያዘው ደብዳቤ ለሮሚዮ ሳይደርስ የቀረው ለምን እንደሆነ አስተውለሻል? መልእክተኛው መነኩሴ ወረርሽኝ ገብቶበታል ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ተዘግቶበት ነው። መቅሰፍት ተብሎ የተረገመው በመቅሰፍት ሰበብ ደረሰ። መርኩሽዮ በሞት አፋፍ ላይ እንኳ ኅብረ ቃል ይጠቀማል፤ ነገ ብትፈልጉኝ ብሎ የሚላትን «ግሬቭ» የተባለች የእንግሊዝኛ ቃል ሰሙን «ቁም ነገረኛ»፣ ወርቁን «መቃብር» ብለሽ ፍቺው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ አዘዞ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ታዲያ ጥፋቱ የዕድል ነው ወይስ የራሳቸው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል?

መልስ (ጡረተኛ መምህር፣ ማራኪ)፦ ሁለቱንም ከነማስረጃው ጻፊ። ለዕድል፣ የመግቢያው 14 ስንኝ ገና መጋረጃው ሲገለጥ እንደሚሞቱ ይናገራል። ለጥድፊያ ደግሞ ቀኖቹን ቁጠሪ፤ እሑድ ማታ ተያዩ፣ ሰኞ ተጋቡ፣ ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ሁለቱም ሞተዋል። እኔን ብትጠይቂኝ ወደ ሽማግሌዎቹ እጠቁማለሁ። ሁለቱ አባቶች ደም የሚያደርቁት በልጆቻቸው ሬሳ ፊት ቆመው ነው፤ ያን እጅ ለእጅ መጨባበጥ በመጀመሪያው ገቢር፣ ልዑሉ ሲገሥጻቸው፣ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን ካገኘሽ ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጠሽ አንብቢው።