ቡድን ሀ፣ ቡድን ለ ይብቃን፦ ለልጆቻችን ቡድኖች ስም ለማውጣት የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ የማኅበራችን አባላት። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በየሰመሩ የምናጫውታቸው አራት የልጆች እግር ኳስ ቡድኖች እስከ ዛሬ ስም የላቸውም። ቡድን ሀ፣ ቡድን ለ እያልን ነው የምንጠራቸው። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እናርቅቅ።

ባለፈው ስብሰባ አንበሳ፣ ንስር፣ ነብር የሚሉ ስሞች ተነሥተው ነበር። ደስ ይላሉ። ግን ከእኛ ሰፈር ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ሰሞኑን የአሜሪካ ማይነር ሊግ የቤዝቦል ቡድኖች ስማቸውን ከየት እንዳመጡ ሳነብ ሰነበትኩ። ማይነር ሊግ ማለት ተጫዋቾች ወደ ትልቁ ሊግ ከማደጋቸው በፊት የሚፈተኑበት ነው። ብዙዎቹ ቡድኖች ያሉት በመካከለኛና በትንንሽ ከተሞች ነው። ስሞቹ መጀመሪያ ሲሰሙ ግራ ያጋባሉ። ታሪካቸውን ሲያውቁ ግን ከተማውን ሄደው ያዩት ያህል ነው።

የኦሃዮዋ ቶሌዶ ቡድን መድ ሄንስ ይባላል፤ የጭቃ ዶሮዎች እንደ ማለት። በፈረንጆቹ 1896 ሜዳቸው ረግረግ ዳር ነበር። ረግረጉ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ወፎች ይርመሰመሱ ነበር። በቃ፣ ስሙ ከዚያ ወጣ። ቶሌዶ ዛሬም በዚሁ ስም ይጫወታል። የሰሜን ካሮላይናዋ ደርሃም ደግሞ የትንባሆ ከተማ ነበረች። ቡድኑ በ1902 ሲመሠረት ስሙን ከትንባሆ ነጋዴዎች ወሰደ። በ1913 ቡልስ፣ ማለትም በሬዎቹ ተባለ። በሬውም ቡል ደርሃም ከሚባለው የትንባሆ ምርት የመጣ ነው።

እኛም ስሞቹን ከምንኖርበት ቦታና ከምንሠራው ሥራ እናውጣ እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

አንድ አባት፦ እግዜር ይስጥህ ልጄ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መብራት ኃይል፣ ባንኮች፣ መከላከያ፣ ቡና ሲባል ስሙ ከየት እንደመጣ ማንም አይነግረውም። ጊዮርጊስም በ1928 ዓ.ም. ሲቋቋም በቅዱሱ ስም ተጠራ። ቅዱሱ ሁልጊዜ በፈረስ ላይ ነው የሚሳለው። ደጋፊውም "ፈረሰኞቹ" ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ልጅ ማልያው ላይ ጭቃ ዶሮ ተብሎ ተጽፎበት ትምህርት ቤት ቢሄድ ይስቁበታል። በዚህ አልስማማም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። የፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ላይም እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሷል። ቡድኑ ሰንስ፣ ማለትም ፀሐዮቹ ይባል ነበር። በ2017 ጃምቦ ሽሪምፕ ሆነ። ግዙፍ የባሕር ሽሪምፕ እንደ ማለት ነው። ብዙ ደጋፊ ተቆጣ፤ የድሮው ስም ይመለስልን ያለም ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ስሙ የሚለጠፍባቸውን ሰዎች አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ነው።

የኒው ሜክሲኮዋን የአልበከርኪን ታሪክ እዩልኝ። ሲምፕሰንስ በሚባለው የካርቱን ፊልም በ2001 በወጣ አንድ ክፍል ላይ አይሶቶፕስ የተባለው፣ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ከተማ የስፕሪንግፊልድ ቡድን በድብቅ ወደ አልበከርኪ ሊዛወር ሲል ይታያል። በ2003 እውነተኛ ቡድን ወደ አልበከርኪ መጣ። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ አይሶቶፕስን መረጠ! ከቀልድ የመጣ ስም እስከ ዛሬ ማልያ ላይ አለ።

የአላባማው ትራሽ ፓንዳስም እንዲሁ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ስም ነው። የቆሻሻ ፓንዳዎች እንደ ማለት ነው፤ የቆሻሻ ገንዳ የሚበረብረውን ራኩን የሚባል እንስሳ በጨዋታ እንዲህ ይሉታል። ቡድኑ ያለው ሃንትስቪል አጠገብ ነው። ሃንትስቪል የሮኬት ከተማ ናት፤ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ማርሻል ማዕከል እዚያ ነው። አርማቸው ላይ ራኩኑ ሮኬት ውስጥ ተቀምጧል። በ2020 ሊጀምሩ ነበር፤ በኮቪድ ምክንያት የዚያ ዓመት ውድድር ሲሰረዝ በ2021 ጀመሩ። ለታናሽ እህቴ ስነግራት ማልያውን ግዛልኝ አለችኝ። ስለዚህ የመጨረሻውን ድምፅ ልጆቹ ይስጡ።

አንዲት እናት፦ እኔን ሁለት ስሞች ነክተውኛል። አንዱ የኒው ዮርኳ ቢንግሃምተን ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ራምብል ፖኒስ ይባላሉ። ፖኒዎቹ የመዝናኛ ቦታ ላይ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ናቸው። የጫማ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ጆርጅ ኤፍ. ጆንሰን ለአካባቢው ስድስት እንዲህ ዓይነት መጫወቻ ሰጠ። ልጆች በነፃ እንዲጋልቡበት ነው የሰጠው። ያ ደግነት የቡድን ስም ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው የኮነቲከቷ ሃርትፎርድ ነው። በ2016 መጫወት ሲጀምሩ ስማቸው ያርድ ጎትስ ሆነ። ቃል በቃል የግቢ ፍየሎች ማለት ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በድሮ የባቡር ሠራተኞች ቋንቋ ያርድ ጎት ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፉርጎዎችን ወዲያ ወዲህ እየገፋች የምታሰልፍ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ናት። ረጅም መንገድ አትሄድም። ሥራዋ ሌላው ባቡር ተሰናድቶ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራው ባለቤቴ ትዝ አለኝ። ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ እንዲያከብሩት እፈልጋለሁ።

አንድ አባት፦ እህቴ፣ ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ። እኔም እዚህ አገር ዕድሜዬን የጨረስኩት ታክሲ ላይ ነው። ስንቱን ሰው ከኤርፖርት ቤቱ አደረስኩ። የጭቃ ዶሮውን ነገር እንዳለ ልተወው። ከቡድኖቹ አንዱ "ታክሲዎቹ" ቢባል ግን ደስታውን አልችለውም። የልጅ ልጄ ያንን ማልያ ለብሶ ባየው።

የሂሳብ ሹም፦ ሦስት ነገር ልጨምር። ማልያ የሚታተመው አንዴ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ሳይጸድቅ ትዕዛዝ አንሰጥም። አርማውን ልጆቹ ይሣሉት። የማንንም ቡድን አርማ እንዳንቀዳ፤ ሕግ አለው።

ሌላው፣ ለጉዞ ብለን ከያዝነው በጀት ልጆቹን ፍሬድሪክ ከተማ እንውሰዳቸው። ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። የዚያ የቤዝቦል ቡድን ከ1989 ጀምሮ ኪይስ ይባላል፤ ቁልፎች ማለት ነው። ስሙ የመጣው በ1814 የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ከጻፈው ከፍራንሲስ ስኮት ኪይ ነው። መቃብሩም ፍሬድሪክ ነው። ደጋፊዎቹ ጨዋታው መሀል ላይ የኪሳቸውን ቁልፍ አውጥተው ያንቃጭላሉ። ልጆች ይህን አንዴ ካዩ ስለ ስም ማስረዳት አይኖርብንም።

አንዲት መምህርት፦ የራሳችንን ሰፈር ስም እንዳንረሳ። ሲልቨር ስፕሪንግ የብር ምንጭ ማለት ነው። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል ሰው እዚህ አንድ ምንጭ አገኘ። ውሃው ውስጥ ሚካ የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች እንደ ብር ያብረቀርቁ ነበር። ቦታው ዛሬ ኤከርን ፓርክ ነው፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ አጠገቡ እናልፋለን። "ሚካዎቹ" የሚል ስም አቀርባለሁ። አጭር ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጠራል። ልጆቹን ፓርኩ ድረስ ወስጄ ታሪኩን እኔ እነግራቸዋለሁ።

አስተባባሪ፦ እናመሰግናለን። እስካሁን በተባለው ላይ ተመሥርቼ ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

"ማኅበሩ ለአራቱ የልጆች ቡድኖች ስም እንዲያወጣ እንጠይቃለን። ስሞቹ ከምንኖርበት ሰፈር ወይም ከወላጆች ሥራ የተወሰዱ ይሁኑ። ወላጆች ስሞችን ከነታሪካቸው ያቅርቡ፤ ታሪክ የሌለው ስም አይመዘገብም። ልጆቹ ፍሬድሪክ ሄደው አንድ ጨዋታ ካዩ በኋላ ድምፅ ይስጡ። አርማውን ራሳቸው ይሣሉ። ማልያ የሚታዘዘው ጉባኤው ካጸደቀ በኋላ ነው።"

እስካሁን የተመዘገቡት ታክሲዎቹና ሚካዎቹ ናቸው። "ጀበና" የሚል ስምም በስልክ ደርሶኛል፤ ያቀረቡት እናት ታሪኩን ጽፈው ይላኩልን።

አንድ አባት፦ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመርበት። "አንድ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ በስሙ ካፈረ ስሙ እንደገና ይታይ።" ይህ ከገባ እኔም እፈርማለሁ።

የወጣቶች ተወካይ፦ እስማማለሁ፣ ጋሼ። ቅጹን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ በር ላይ ይዤ እቆማለሁ። ሁለት ስም ይቀረናል፤ ያላችሁ አምጡ።

አስተባባሪ፦ የጋሼ ዐረፍተ ነገር ገብቷል።