የ1/ኤክስ² ኢንተግራል ከ−1 እስከ 1 እንዴት አሉታዊ ሊሆን ይችላል?

የአንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአፕላይድ ማቲማቲክስ 1 ዎርክሺታችን ላይ የ1/ኤክስ² ኢንተግራል ከ−1 እስከ 1 ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ አለ። አንቲዴሪቬቲቩ −1/ኤክስ ነው፤ ዴሪቬቲቩን መልሼ ስወስድም 1/ኤክስ² ይሰጠኛል። በላይኛው ገደብ −1፣ በታችኛው ገደብ ደግሞ 1 ስለሚሆን፣ ስቀንስ −2 አገኛለሁ። ነገር ግን የፋንክሽኑ ግራፍ በሙሉ ከኤክስ አክሲስ በላይ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ስፋት አሉታዊ የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም። ስሌቱ ላይ የቅነሳ ስሕተት አላየሁም፤ ታዲያ የተበላሸው የት ላይ ነው?

የሒሳብ መምህር፦

መልስዎን ከግራፉ ጋር ማስተያየትዎ በጣም ጥሩ ልማድ ነው፤ አይተዉት። እንዲያውም −2 ፈጽሞ ሊሆን እንደማይችል ያለ ምንም ኢንተግራል ማረጋገጥ ይቻላል፦ ፋንክሽኑ በ−1 እና በ1 መካከል ከ1 በታች አይወርድም፣ የክፍተቱ ርዝመት ደግሞ 2 ስለሆነ፣ ስፋት የሚባል ነገር ካለ ከ2 ሊያንስ አይችልም።

ቅነሳዎ ልክ ነው፤ ችግሩ እዚህ ቦታ ላይ መቀነስ አለመፈቀዱ ነው። አንቲዴሪቬቲቩን በሁለቱ ገደቦች ላይ አስልተን እንድንቀንስ የሚፈቅድልን የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም ሲሆን፣ እርሱም ፋንክሽኑ ከታችኛው ገደብ እስከ ላይኛው ገደብ ድረስ ኮንቲኒዩየስ (ሳይቋረጥ የሚቀጥል) እንዲሆን ይጠይቃል። 1/ኤክስ² ግን ዜሮ ላይ ዋጋ የለውም፤ ወደ ዜሮ በቀረብን መጠንም ያለ ገደብ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ይህ ኢምፕሮፐር ኢንተግራል ነው፤ ዜሮ ላይ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በሊሚት መሠራት አለበት። የቀኙን ክፍል ብቻ ይሞክሩት፦ ከ0.1 እስከ 1 ያለው ስፋት 9 ነው፤ ከ0.01 ሲጀምሩ 99፣ ከ0.001 ሲጀምሩ 999 ይሆናል። ቁጥሩ የትም ቦታ ስለማይረጋ፣ በፈተና ወረቀት ላይ የሚጻፈው መልስ ኢንተግራሉ ዳይቨርጅ ያደርጋል የሚል ነው።

ይህን ስል ግራፉ ወደ ላይ የወጣ ፋንክሽን ሁሉ ዳይቨርጅ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። 1/√ኤክስም ዜሮ አጠገብ ያለ ገደብ ያድጋል፤ ሆኖም ከ0.01 እስከ 1 ያለው ስፋቱ 1.8፣ ከ0.0001 እስከ 1 ያለው ደግሞ 1.98 ሲሆን፣ መጨረሻው 2 ላይ ይረጋል። ወሳኙ ነገር የእድገቱ ፍጥነት ነው፦ ከ0 እስከ 1 ባለው ክፍተት፣ በታች ያለው የኤክስ ፓወር ከ1 ካነሰ ኮንቨርጅ ያደርጋል (አንድ ቁጥር ላይ ይረጋል)፤ 1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ዳይቨርጅ ያደርጋል።

የአንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ 1/ኤክስ ከሆነስ? የግራው ስፋት አሉታዊ፣ የቀኙ አዎንታዊ፣ መጠናቸውም እኩል ስለሆነ ተጣፍተው ዜሮ አይሰጡም?

የሒሳብ መምህር፦

አይሰጡም። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻቸው ወደ ዜሮ መቅረብ አለባቸው፤ በእኩል ርቀት እንዲቀርቡ የሚያስገድድ ምንም ሕግ የለም። የግራውን −0.001 ላይ፣ የቀኙን ደግሞ 0.002 ላይ ቢያቆሙት፣ የሁለቱ ድምር የ2 ናቹራል ሎጋሪዝም በአሉታዊ ምልክት፣ ማለትም −0.69 ገደማ ይሆናል፤ ይህንኑ የአንድ ለሁለት ርቀት ጠብቀው የቱንም ያህል ወደ ዜሮ ቢቀርቡ ውጤቱ አይለወጥም። መልሱ በአቆራረጣችን የሚወሰን ከሆነ ኢንተግራሉ ዋጋ አለው ማለት አንችልም። በእኩል ርቀት ተቆርጦ የሚገኘው ዜሮ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ስም የኮሺ ፕሪንሲፓል ቫልዩ ተብሎ ይጠራል፤ በፊዚክስም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ከተራው ኢንተግራል የተለየ ነገር ነው።

ሌላ አባል፦

መምህር ካሉት ላይ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ተቃራኒ ሁኔታ ልጨምር። 1/(1+ኮስ²ኤክስ)ን ከ0 እስከ ፓይ ኢንተግሬት እናድርግ። ፋንክሽኑ ሁልጊዜ በ1/2 እና በ1 መካከል ስለሆነ የሚቋረጥበት ቦታ የለም፤ መልሱም በ1.57 እና በ3.14 መካከል መሆን አለበት። ነገር ግን ታንጀንትን በሌላ ፊደል ተክተን ስንሠራ አንቲዴሪቬቲቩ (1/√2) ጊዜ አርክታን((ታን ኤክስ)/√2) ይሆናል፤ ይህም በ0ም በፓይም ላይ ዜሮ ስለሆነ ቅነሳው ዜሮ ይሰጣል። እዚህ የተቋረጠው ፋንክሽኑ ሳይሆን ያገኘነው አንቲዴሪቬቲቭ ነው፤ ታንጀንት ፓይ/2 ላይ ዋጋ ስለሌለው እዚያው ላይ በአንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይዘላል። ስለዚህ ከ0 እስከ ፓይ/2 ያለውን ብቻ በሊሚት አስልቶ፣ ግራፉ በፓይ/2 ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ስለሆነ በ2 ማባዛት ይበቃል፤ ውጤቱም ፓይ/√2፣ ወደ 2.22 ገደማ ነው።